አንገት የማታስደፋ ሹሩባ ቤት

ቱሉ ዲምቱና አካባቢው ያላችሁ የሴት ልጅ እናቶች፣ ይሄ ጽሑፍ በተለይ ለእናንተ ነው። ወንድ ልጅ ያላችሁም አንብቡት፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ ላይ ታገኙታላችሁ። ስለ አንዲት ሹሩባ ቤት ነው የምጽፈው። ሥራዋ ጥሩ ነው። ዋጋዋ ደህና ነው። ወረፋዋ ያማርራል። ሹሩባ ቤት ሲመዘን ሰው የሚያየው እጅ ነው፤ ያማል አያምም፣ ይቆያል አይቆይም። አፉን የሚመዝን የለም። እኔ ዛሬ አፉንም ልመዝን ነው።

ቤቷ ስም የላትም። የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ ካለው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ናት። ከአስፋልቱ ባጃጅ ይገባል። ብሎኩ ሥር ካሉት ንግድ ቤቶች አንዷ ናት፤ በቀኝ ባልትና ቤት፣ በግራ ሞባይል ጥገና። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ሹሩባ ቤት» ተብሎ ተጽፏል። ባለቤቷን ሰፈሩ ሁሉ «እታለም» ይላታል፤ እኔም እንደዛው። ሁለት ወጣት ልጆች አብረዋት ይሰራሉ። እናቷ እማማ ደግሞ ጥግ ላይ ከጀበናው አጠገብ ይቀመጣሉ። ስትገቡ የበርበሬና የቅቤ ሽታ አንድ ላይ ይቀበላችኋል።

ውስጧ ጠባብ ነው። ሁለት ዱካ፣ አንድ ረጅም አግዳሚ፣ ጥቂት የፕላስቲክ ወንበሮች። ቴሌቪዥን የለም። መስታወት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከሚሰራው ሰው ጀርባ ነው የተሰቀለው። ዱካው ላይ የተቀመጠ ሰው ራሱን አያይም። ፊቱን ወደ አግዳሚው አዙሮ፣ ተራ የሚጠብቁትን ሴቶች እያየ ነው የሚሰራው። መጀመሪያ ይሄ ያስገርማል። ግድግዳው ላይ ደግሞ እንደ ሌላው ቤት የውጭ ሞዴሎች ፖስተር አታገኙም። ፎቶዎች አሉ፤ ሁሉም ከጀርባ የተነሱ የሰፈሩ ሴቶችና ልጆች ናቸው። ማጅራትና ሹሩባ ብቻ። ቁጥርጥሩም፣ ቀጭኑም፣ ወፍራሙም አለ። የምትፈልጉትን በጣት ታሳያላችሁ፤ አለቀ።

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። ፀጉሯ አባቷን ወጥቷል፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጥቅልል የሚል፣ ውሃ ሲነካው የሚሰበሰብ። በተወለደች ሰሞን ዘመድ አዝማድ እየመጣ ጆሮዋን ያይ ነበር። ስታድግ ትቀላለች ትጠቁራለች ለማለት ነው። አንዷ አክስቴ «መልኳ እናቷ ናት፤ ፀጉሯ ግን...» አለችና ዝም አለች። ያን ዝምታ ሁላችንም አወቅነው። ሉጫ ከሆነ እልል ይባላል። ከርዳዳ ከሆነ ዝም ይባላል፣ ወይ ይሳቃል። ልጅ ደግሞ ዝምታንም ሳቅንም እኩል ይሰማል።

ቱሉ ዲምቱ ከመግባታችን በፊት ከተማ ውስጥ ወዳለ አንድ ፀጉር ቤት ወስጃት ነበር። ስሙን አልጠራም። የምትሰራት ልጅ ገና ማበጠሪያውን ስታስገባ «ውይ! ይሄን ደግሞ ማን ይችለዋል? ማበጠሪያ ይሰብራል እኮ!» አለች። ካስክ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሳይቀሩ ሳቁ። ማንም በክፋት አልሳቀም። ልጄም አላለቀሰችም። መስታወት ውስጥ አየኋት፤ አብራቸው ፈገግ አለች። አንጀቴን የበላችኝ ያቺ ፈገግታ ናት። ከዚያ በኋላ ኮፍያ መጣ። ትምህርት ቤት በኮፍያ፣ ቤት ውስጥ በኮፍያ፣ በዚያ የሚያዝያ ሙቀት በኮፍያ። ማታ ላወልቅላት ስል ትይዘዋለች። «ሰው ያየዋል» ትላለች። ቤት ውስጥ ከእኔና ከአባቷ ሌላ ሰው የለም።

እታለም ጋ ስንገባም ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ነበር። እታለም አየቻት። «አውልቂው» አላለችም። «ፀጉርሽን አሳዪኝ» አላለችም። ዱካውን ሳብ አደረገችና «ሚጣዬ፣ መጀመሪያ ፎቶዎቹን እዪልኝ። የቱ ይሻላል ትያለሽ?» አለቻት። እኔን አልጠየቀችኝም። ልጄ ግድግዳውን ብዙ አየች። በጣቷ አንዱን ነካችና «ይቺ ማን ናት?» አለች። «ማዶ ያለው ብሎክ የምትኖር ልጅ ናት። ፀጉሯ እንዳንቺው ነው።» «እንደኔ መሆኑን በምን አወቅሽ?» እታለም ሳቅ አለችና በኮፍያው ጠርዝ በኩል ጆሮዋ ሥር የወጣውን ፀጉር በጣቷ ጠቅለል አድርጋ ለቀቀችው። ተመልሶ ተጠቀለለ። «በዚህ» አለቻት። ልጄ ኮፍያዋን ራሷ አወለቀች።

አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት አንዷ «ውይ፣ የልጅቷ ፀጉር ደግሞ...» ብላ ጀመረች። እታለም ቀና እንኳን ሳትል «ሙሉ ነው» አለች። ድምጿ ቁጣ የለበትም፤ ግን በር ይዘጋል። ሴትዮዋም «አዎ፣ ሙሉ ነው» አለች። ከዚያ እታለም ሚዶውን ይዛ ከጫፍ ጀምራ እያፍታታች፣ ቅባት እየነካች፣ ለልጄ ታወራት ጀመር። «ታውቂያለሽ? ሉጫ ፀጉር ሹሩባ አይዝልኝም። ሰርቼ እልካለሁ፣ አድሮ ይፈታል፤ ያመልጣላ። ያንቺ ግን የያዘውን አይለቅም። ተጨማሪ ፀጉር ሳልቀጥልበት ይቆማል።»

ይሄ ማባበያ እንዳይመስላችሁ። ሙያው የሚለው ነው። ለስላሳ ፀጉር ይንሸራተታል፤ ጥቅልሉ እርስ በርሱ ይያያዛል። የትኛዋንም ሹሩባ ሰሪ ጠይቁ። ልጅን በባዶ «ቆንጆ ነሽ» ብትሏት አታምናችሁም፤ ልጅ ማባበልን ያውቃል። እታለም የነገረቻት ግን እውነት ነው፤ የተናገረችውም የምታውቅ ሰው ናት።

ልጄ በዚያ ሁሉ ሰዓት አንገቷን ደፍታ፣ ከቅንድቧ ሥር ወደ ላይ እያየች ነበር። የምታየው አግዳሚውን ነው። እያንዳንዷን ሴት በዓይኗ ትለቅማለች። አንዷ ስታዛጋ ታያለች። አንዷ ስታያት ዓይኗን ትሰብራለች፣ ትንሽ ቆይታ መልሳ ታያለች። መሀል ላይ ስትደርስ እማማ ከጥግ «ተባረኪ የኔ ልጅ፣ አያቴን መሰልሽኝ» አሏት። ሴቶቹ ሁሉ አዩአት። እሷም አየቻቸው። ከዚያ በኋላ ዓይኗን አልሰበረችም። መስታወቱ ከጀርባዋ ነበር፤ እስክትጨርስ አንዴም አልዞረችም።

የተማርኩት ሶሲዮሎጂ ነው፣ ስድስት ኪሎ። የምሰራው ባንክ ነው፤ ትምህርቱ ግን ከውስጤ አልወጣም። ያን ቀን አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት ቻርለስ ኩሊን ነው። ኩሊ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረ አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ባሳተመው ሥራው፣ ሰው ራሱን የሚያየው በሌሎች ሰዎች መስታወትነት ነው ይላል። ሦስት ነገር ይከታተላል። መጀመሪያ፣ እከሌ እንዴት እንደሚያየኝ በሐሳቤ እስላለሁ። ቀጥሎ፣ ባየው ነገር ምን እንደሚፈርድ እገምታለሁ። በመጨረሻ ወይ ኩራት ወይ ሀፍረት ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግምት መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። ሰውየው በእውነት ምን እንዳሰበ አናውቅም። ፊቱን ነው የምናነበው። እኛ በይሉኝታ ላደግን ሰዎች ይሄ አዲስ ነገር አይመስልም። «ሰው ምን ይለኛል» ብለን ስንቱን ትተናል፣ ስንቱንስ አድርገናል!

ኩሊ የራሱን ልጆች ቤት ውስጥ እየተከታተለ ይመዘግብ ነበር። ሕፃን ልጅ «እኔ» እና «የኔ» ማለት እንዴት እንደሚጀምር ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1908 አሳትሟል። ሕፃናት ገና አፍ ሳይፈቱ ሰው እያያቸው መሆኑን አይተው አንድ ነገር ደጋግመው ሲያደርጉ ታዝቧል። የወለደ ሁሉ ይሄን ያውቀዋል። ስታጨበጭቡለት ደግሞ ይደግማል።

ሌላው ትዝ ያለኝ ኬኔትና ሜሚ ክላርክ ናቸው። ባልና ሚስት ናቸው፤ ጥቁር አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ከ3 እስከ 7 ዓመት የሆናቸው 253 ጥቁር ሕፃናትን በአሻንጉሊት ፈተኗቸው። አሻንጉሊቶቹ በቀለም ካልሆነ በቀር ምንም ልዩነት የላቸውም። «ጥሩዋ የቷ ናት?» ሲባሉ አብዛኞቹ ነጯን ሰጡ። «አንቺን የምትመስለው የቷ ናት?» ሲባሉ ያለቀሱም ነበሩ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1954 ትምህርት ቤቶችን በዘር መከፋፈል ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሲወስን የኬኔትን ጽሑፍ ጠቅሷል። የእነዚያ ልጆች ነገር የራሱ ታሪክ አለው፤ ባርነት አለ፣ የመለያየት ሕግ አለ። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ግን የሦስት ዓመት ልጅ ስለ ራሷ ክፉ ግምት ከየት ታመጣለች? ይዛው አልተወለደችም። ከዘመድ ሳቅ፣ ከፀጉር ቤት «ውይ!»፣ ከአክስት ዝምታ ነው የምትለቅመው። እኔ ሹሩባ ቤትን በአፉ ልመዝን ያልኩት ለዚህ ነው።

ኮፍያው እንግዲህ እንዲህ ሆነ። ያን ቀን በእጇ ይዛው ተመለሰች። ማግስቱን በኮፍያ ሄደች። ከዚያ ትምህርት ቤት ረስታው መጣች፤ አልጠየቀችበትም። ለአክስቷ በስልክ ስታወራ ደግሞ ሰማኋት፦ «የኔ ፀጉር ሹሩባ ይይዛል። ሉጫ አይዝም፣ ያመልጣል።» ቃል በቃል የእታለም ንግግር ነው። አክስቷ ምን እንዳለቻት አልሰማሁም። ልጄ ግን «አዎ!» እያለች ነበር።

ስለ እጇም ልናገር፣ ለሱ ነው ገንዘብ የምትከፍሉት። እታለም እጇ አይከብድም። ሹሩባ ስትሰራ ግንባርና ጆሮ አካባቢ ያለውን ፀጉር አታጠብቅም። ልጅ ካለቀሰች ፈትታ እንደገና ትጀምራለች። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። በየጊዜው ወጥሮ የሚሰራ ሹሩባ የግንባርን ፀጉር ከሥሩ ይነቅላል፤ ዓመታት ከቆየ ደግሞ ላይመለስ ይችላል። ግንባራቸው ሸሽቶ የቀረ ስንት ሴቶች እናውቃለን። «ካላመመ አያምርም» የሚሉ ሰሪዎች ጋ ልጅ አትውሰዱ። ረዳቶቿም ጥሩ ናቸው፤ አንደኛዋ በቁጥርጥር እንዲያውም እታለምን ትበልጣለች ባይ ነኝ። ሌላኛዋ ግን ስትቸኩል መስመሯ ይጠማል። ልጃችሁ በመስመር የምትጨነቅ ከሆነ ቁርጥ አድርጋችሁ «እታለም ትስራት» በሉ።

ልጅን ኬሚካል አይቀቡም። አንዲት እናት የስድስት ዓመት ልጅ ይዛ መጥታ ሪላክሰር አድርጉላት ብላ ስትለምን ነበርኩ። ገንዘቡን እጥፍ እከፍላለሁ አለች። እታለም እምቢ አለች። አንዳንዱ ሪላክሰር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አለበት፤ የራስ ቆዳን ያቃጥላል። እታለም ስሙን አታውቀውም፤ «እሳት ነው፣ አውቀዋለሁ፣ እኔንም አቃጥሎኛል» ነው ያለችው። ሴትዮዋ ተቆጥታ ወጣች። ልጅቷ ከበሩ ዞራ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፎቶዎች ስታይ አየኋት። የት እንደወሰደቻት አላውቅም። እስካሁን ታሳዝነኛለች።

የወንድ ልጅ እናቶች፣ ወደ እናንተ ልምጣ። አንድ ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ ሹሩባ እፈልጋለሁ ብሎ እናቱን ይዟት መጣ። አግዳሚው ላይ ማጉረምረም ተጀመረ። «ወንድ ልጅ? ሹሩባ?» ልጁ ቀይ ፊቱ በርበሬ መሰለ። እማማ ናቸው የደረሱለት። «አፄ ቴዎድሮስ ምን ነበር የተሰሩት?» አሉ። ማንም መልስ አልነበረውም። እሳቸው ከዚያ ወሬውን ወደ ድሮ ወሰዱት፤ ቁንጮ ስለሚባለው፣ ስለ ጋሜ። እሳቸው ልጃገረድ ሳሉ ጋሜ ነበሩ። መሀሉ ተላጭቶ ዙሪያው ይቀራል። ስታገቢ ታሳድጊዋለሽ። ገበያ ላይ ሰው ከሩቅ ፀጉርሽን አይቶ ልጃገረድ ነሽ ያገባሽ ነሽ ይለያል፤ እንደዚያው ያናግርሻል፤ አንቺም እንደተናገረሽ ትሆኛለሽ። ልጁ አፉን ከፍቶ ይሰማል። ሹሩባውን ተሰርቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ወጣ። እንዲህ ዓይነት ቀን ላይ ከደረሳችሁ ለልጆቻችሁ ከሹሩባውም በላይ ነው።

አሁን ስለ ትልልቆቹ። ኮንዶሚኒየም የሚደርሰው በእጣ ነው፤ እጣ ደግሞ ጎረቤት አይመርጥም። ከላዬ ያለችው ከመርካቶ ናት፣ ከሥሬ ያሉት ከጉለሌ። እኔ ካዛንቺስ ነው ያደግኩት። እዚያ ከቤት ወጥቼ ታክሲ እስክይዝ ስንቱ ይጠራኝ ነበር። የእከሌ ልጅ፣ የእከሌ እህት፣ ያቺ ቁጡዋ፣ ያቺ ጎበዟ። አንዳንዴም ይሰለቸኝ ነበር። እዚህ ስመጣ ደረጃው ላይ «ሦስተኛ ፎቅ» ሆንኩ። ሥራ ቦታ ደግሞ መስኮት ነኝ፤ ደንበኛ የሚያየው እጄንና ብሩን ነው። ቀስ በቀስ አንድ እንግዳ ነገር ተሰማኝ። ቁጡ መሆኔም ጎበዝ መሆኔም ጠፋኝ። የሚቆጣኝም የሚያደንቀኝም ከሌለ በምን ልወቀው?

ኩሊ እ.ኤ.አ. በ1909 ሌላ ነገር ጽፏል። ሰው መጀመሪያ ሰው የሚሆነው በሦስት ቦታ ነው ይላል፦ በቤተሰብ፣ በልጅነት የጨዋታ ጓዶች መሀል፣ በሰፈር። ከእነዚህ ሦስተኛው እኛ ላይ ተቆርጧል። ዕድር አለ፣ እውነት ነው፤ እሱ ግን ለቅሶ ሲደርስ ነው። ከዚያ በመለስ ያለው የዕለት ተዕለቱ፣ «ዛሬ ምነው ከፋሽ?» የሚለው ነው የጎደለን።

ይሄን ቦታ ቱሉ ዲምቱ ላይ የያዘችው ለእኔ ይቺ ሹሩባ ቤት ናት። መጀመሪያ «የሚጣ እናት» ሆንኩ። ወደድኩት። ከዚያ አንድ ቀን ጉሊት የምትሸጥ አንዲት እናት ስለ ቁጠባ ወለድ ጠየቀችኝ። ባንክ እንደምሰራ ሰምታ ነው። መስኮት ላይ ብትሆን ኖሮ ወረቀት ሰጥቼ ነበር የምሸኛት። እዚያ ግን ቡና ይዘን ነበር፤ ቀስ ብዬ በጣት እየቆጠርኩ አስረዳኋት። እታለም ከጀርባዬ «የሚጣ እናት ስታስረዳ ሰው አይፈራትም» አለች። ለማንም አልነበረም የተናገረችው፤ እየሰራች ነው። እኔ ግን ይዣት ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ መስኮቴ ላይ ትልልቅ ሰዎች ሲመጡ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ቁጥሩን ጽፌ እያሳየሁ አስረዳለሁ። እንዲህ ያለ ሰው መሆኔን የነገረችኝ እታለም ናት። ከነገረችኝ በኋላ ደግሞ እየሆንኩ መጣሁ።

የማልወደውንም ልናገር። እታለም አፍ የምትጠብቀው ለልጆች ብቻ ነው። ትልልቅ ሴቶች ላይ የሚወርደው ወሬ ልክ የለውም። አንዲት ከአራስ ቤት የወጣች ወጣት መጣች፤ ከወለደች በኋላ የመጀመሪያ ቀኗ ነው። ደስ ብሏት ነበር የገባችው። ገና ሳትቀመጥ «ምነው እንዲህ ሆንሽ?» አለቻት አንዷ። ሌላዋ «ማዲያትም ወጣብሽ» አለች። ሦስተኛዋ መድኃኒቱን ነገረቻት። ወጣቷ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ግማሽ ፊቷን ሸፈነች። ሹሩባዋ እስኪያልቅ አላወረደችውም። ልጄ ኮፍያዋን የያዘችበትን አያያዝ ነው ያየሁት። እታለም ምንም አላለችም። በኋላ ለብቻዋ ሳገኛት ነገርኳት። «የልጅ ነገር ሲሆን እችላለሁ። የትልቅ ሰው አፍ እንዴት ብዬ ልዝጋ? ደንበኞቼ ናቸው» አለችኝ። ይገባኛል። አልቀበለውም ግን። በአንዲት ቃል ያቺን ሴትዮ ማስቆም የቻለች ሰው ናት፤ ያችኑ ቃል ለአራሷም ማለት ትችላለች። «ሙሉ ነሽ» ብትላት ምን ነበረበት? ደንበኞቿ የት ይሄዳሉ?

ሐሜትም አለ። የሰው ትዳር ይፈታል፣ ይታሰራል። የሌለች ሴት ስም ሲነሳ እኔ ቡናዬን ይዤ ወደ በሩ እጠጋለሁ። እናንተም ለልጆቻችሁ ጆሮ ስትሉ ቅዳሜ ከሰዓትን ተዉት፤ ያኔ ነው የሚበዛው።

ዋጋው፦ እኔ በሄድኩበት ሰሞን የልጅ 250 ብር ነበር፣ የአዋቂ ከ400 ጀምሮ እንደ ዓይነቱ ይጨምራል። ፀጉር የሚቀጠል ከሆነ ፀጉሩን ራሳችሁ ገዝታችሁ ትሄዳላችሁ። በቴሌብርም ይቀበላሉ። በስልክ ወረፋ ይይዙላችኋል፤ ግን አትመኑት፣ ቀድሞ የደረሰ ነው የሚቀመጠው። ሰኞ ዝግ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በጊዜ ከደረሳችሁ ከቀትር በፊት ትወጣላችሁ። መጸዳጃ የለም፤ ልጅ ይዛችሁ ስትሄዱ ከቤት ጨርሳችሁ ውጡ። የፋሲካና የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ልጅ አትውሰዱ። ግፊያ ነው፣ ረዳቶቹ ይቸኩላሉ፣ እታለምም ያንን ሁሉ አፍ መከታተል አትችልም። ሳምንት ቀደም ብላችሁ አሰሩ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ የራሳችሁን ሚዶና ማበጠሪያ ይዛችሁ ሂዱ። እታለም ማበጠሪያዎቿን በፈላ ውሃ ታጥባለች፤ ግን ሰፈሩ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። ሮቶዋ ባዶ የሆነ ቀን አንዱ ማበጠሪያ ከራስ ራስ ሲዞር አይቻለሁ። ቆረቆር የሚተላለፈው እንዲያ ነው። ነግሬአታለሁ፣ ተጨማሪ ማበጠሪያ እገዛለሁ ብላኛለች። እስከዚያው የራሳችሁን ያዙ።